የሸምበቂት ሰዎች ከመስኮቱ ሥር

መጀመሪያ አንድ ነገር እንግባባ፣ እኔ ትርንጎ ጥላ አይቼ የምደነግጥ፣ ጅብ ሲጮህ አማትቤ የምከናነብ ዓይነት ሴት አይደለሁም፣ ሆኜም አላውቅም። እናቴ ልጅ ሆኜ እስቴ ሳለን "በቀትር ከወንዝ ዳር አትቀመጪ፣ ይለክፍሻል" ስትለኝ ሆን ብዬ በቀትር ሄጄ እግሬን ውኃ ውስጥ ነክሬ እቀመጥ ነበር፣ ማንም አልለከፈኝም፣ ጉንፋን እንኳ አልያዘኝም። የቡዳውን፣ የዛሩን፣ የቃልቻውን ወሬ እንደማንኛችሁም ሰምቻለሁ፣ ስቄበታለሁም። አሁንም ቢሆን አንድ ሰው መጥቶ እኔ ልነግራችሁ ያሰብኩትን ቢያወራኝ "አይ አንተ፣ ምን ጠጥተህ ነበር?" ብዬ ነው የምሸኘው። እኔ ግን አልጠጣሁም፣ ደግሞም የሆነው በቀን ነው፣ ስለዚህ እስከ መጨረሻው ስሙኝና ከዚያ እንደፈለጋችሁ በሉኝ።

ዘመኑ ደርግ ነው፣ የሰባ ሰባቱ ክፉ ቀን ካለፈ ጥቂት ዓመት ሆኖታል። ንፋስ መውጫ ላይ ለገበሬ ዘር በሚያከፋፍል አንድ የእርዳታ ፕሮጀክት ውስጥ እሠራ ነበር፣ ሥራዬም ኮምፒውተር ላይ ነው። አትሳቁ፣ እውነቴን ነው፣ ያን ጊዜ በጋይንት ምድር ኮምፒውተር የነካ ሰው ከእኔ በቀር መኖሩን እጠራጠራለሁ። አዲስ አበባ አሠልጥነው፣ ማሽኑን በብርድ ልብስ ጠቅልለው ከእኔ ጋር በላንድሮቨር ሰደዱን፣ ሾፌሩ በየጉድጓዱ መኪናዋ ስትነጥር ዘወር ብሎ "አይዞህ" የሚለው እኔን ሳይሆን ማሽኑን ነበር። ናፍጣ በልክ ስለሆነ ጄኔሬተሩ የሚነሳው ከሰዓት በኋላ ብቻ ነው፣ ጩኸቱ እንዳይረብሸኝም ከመጋዘኑ ኋላ ራቅ አድርገው ተክለውታል፣ ቢሮዬ ድረስ ከሩቅ እንደ ንብ ቀፎ ብቻ ነው የሚሰማው።

ሥራውን ሳላስረዳችሁ ነገሩ አይገባችሁም፣ አጭር ነው፣ ታገሡኝ። ማሽኑ ውስጥ የላይ ጋይንት፣ የታች ጋይንት፣ የስማዳና የእስቴ ገበሬ ከነስሙ፣ ከነገበሬ ማኅበሩና ከተመዘገበበት ወር ጋር አዲስ አበባ ተሞልቶ መጥቷል፣ ሪፖርት አውጣ ሲሉት ግን ዝም ብሎ አያወጣም፣ መጀመሪያ እሱ ነው የሚጠይቀው፤ የትኛው ወረዳ? የትኛው ገበሬ ማኅበር? ከስንተኛው ወር እስከ ስንተኛው ወር የተመዘገበ? እነዚህን ጥያቄዎች ፓራሜትር ይሏቸዋል፣ እኔ ለአለቃዬ ሳስረዳ ግን ወንፊት ናቸው ነው ያልኩት፣ ካጠበቡት ጥቂት ያልፋል፣ ካሰፉት ብዙ፣ ባዶ ከተዉት ሁሉም ይወርዳል። ወሩ ላይ ብቻ ባዶ አይቀበልም፣ ከ1 እስከ 12 ብሎ ራሱ ሞልቶ ይመጣል፣ ፕሮግራሙን የሠራው ፈረንጅ እንዲያ አድርጎ ትቶታል፣ ጠበብ ማድረግ ስንፈልግ ካልሆነ በቀር አንነካውም።

አለቃዬ አቶ ደምሴ ይባላሉ፣ የመጋዘኑ ኃላፊ ናቸው፣ ማኅተማቸው ከኪሳቸው የማይለይ፣ ሲተኙም ትራሳቸው ሥር የሚያደርጉት የሚመስለኝ ሰው። ሪፖርቱ ላይ የወጣ ገበሬ ማኅበር ዘር ይጫንለታል፣ ያልወጣ አይጫንለትም፣ እሳቸው ዘንድ ነገሩ ይኸው ነው።

ያን ቀን የሰኔ ማለቂያ ነው፣ ጉና ጭጋጉን ለቆብን ከቢሮዬ በር የግቢው አጥር አይታይም። ለስማዳ የሚሄደው የመጨረሻ መኪና በማግስቱ ጠዋት ይነሳል፣ ከወገዳ ወዲያ ያለው ወንዝ ዛሬ ነገ ሊሞላ ነው፣ ከሞላ ደግሞ እስከ መስከረም መኪና የሚባል አያልፍም፣ ያን ጊዜ የጤፍ ዘር ያልደረሰው ሰው አይዘራም። ያልዘራ ሰው ምን እንደሚሆን ደግሞ በስማዳም በጋይንትም ማንም ለማንም አያስረዳም፣ ሁሉም አይቶታል።

የእስቴን ሪፖርት አወጣሁ፣ ማተሚያው ጭርር ጭርር ብሎ ጨረሰ፣ ደህና። የላይ ጋይንትን፣ የታች ጋይንትን አወጣሁ፣ ደህና። የስማዳን አወጣሁ፣ ማተሚያው ዝም ሲል ከውጭ የሰዎች ድምፅ ሰማሁ።

እህል ሊከፋፈል ቁጭ ብሎ የሚጠብቅ ሕዝብ ድምፁን ታውቁት የለም? ወሬም አይደለም፣ ጩኸትም አይደለም፣ እግር ይንቀሳቀሳል፣ አህያ ጆሮዋን ታራግፋለች፣ አንዷ ሴት ልጇን እሹሩሩ ትላለች፣ ዱላ ድንጋይ ይነካል፣ አንዱ ያስላል። ልክ እሱ ነው። እኔ ደግሞ ተናደድኩ፣ ማን ወደዚህ ላካቸው፣ ዘር የሚሰጠው በየገበሬ ማኅበራቸው ነው ብዬ ልመልሳቸው በሩን በርግጄ ወጣሁ፣ ግቢው ውስጥ ማንም የለም። ሣሩ ላይ ጤዛው እንዳለ ነው፣ አንድ እንኳ የእግር ዱካ አልነካውም። ዘበኛው አያ ካሴ ጋቢያቸውን ተከናንበው ከጣሪያው ክፈፍ ሥር ቆመዋል።

"አያ ካሴ፣ ማን ገብቶ ነው?" አልኳቸው።

"ኧረ ማንም አልገባ ልጄ፣ በዚህ ጭጋግ ማን ይወጣል?"

"አሁን ሰው ሲያስል አልሰሙም?"

"እኔስ አልሰማሁ። ምነው፣ ደህናም አይደለሽ?"

ደህና ነኝ ብዬ ተመለስኩ። አቶ ደምሴ ሁሉን ነገር በሁለት ቅጂ ስለሚወዱ የስማዳውን እንደገና አተምኩት፣ ማተሚያው ዝም ሲል ሕዝቡ እንደገና መጣ፣ ያው እግር፣ ያው አህያ፣ ያው እሹሩሩ። ሁለቱንም ቅጂ ለጭነቱ በአያ ካሴ እጅ ለአቶ ደምሴ ላክሁላቸው።

እንግዲህ ሌላ ሰው ቢሆን ማሽኑን ዘግቶ ወደ ጠበል ይሮጥ ነበር፣ እኔ ግን፣ እመኑኝ፣ ከፍርሃቱ ይልቅ እልህ ነው የያዘኝ። አሠልጣኛችን አንድ ምክር ነበረው፣ ነገር አልገባ ሲላችሁ አንዱን ብቻ ለውጡ፣ ሌላውን እንዳለ ተዉት ይለን ነበር። ወንበሬን ሳብ አድርጌ ተቀመጥኩና ወረዳውን ብቻ ለወጥኩ። እስቴ አልኩት፣ ውጭ ጸጥ። ታች ጋይንት አልኩት፣ ጸጥ። ስማዳ፣ መጡ። እሺ አልኩ፣ ወረዳውን ስማዳ ላይ ተውኩና ገበሬ ማኅበሮቹን አንድ በአንድ ማስገባት ጀመርኩ፣ ወረቀት እንዳልጨርስም ወደ ማተሚያው ሳይሆን ስክሪኑ ላይ እንዲያወጣው አደረግሁ። የአንዱ ወጣ፣ ጸጥ፣ የሌላው ወጣ፣ ጸጥ፣ እንዲህ እንዲህ እያልኩ ሸምበቂት ላይ ደረስኩ።

ሸምበቂት ከወገዳ ወዲያ ወደ በሽሎ ወረድ ብሎ ያለ ገበሬ ማኅበር ነው። ስሙ ከላይ ወጣ፣ ከስሙ ሥር ግን ባዶ ነው፣ አንድ ሰው የለም። እኔ ባዶውን እያየሁ ሳለ ውጭ ያለው ሕዝብ ከአጥሩ በር በኩል ተሰማኝ፣ ሩቅ ነው፣ ግን እነሱ ናቸው።

መጀመሪያ ሰፈራ ወስዷቸው ይሆናል አልኩ፣ ያን ጊዜ ሰው ተጭኖ ወደ ሌላ አገር መሄድ ብርቅ አልነበረም። ከዚያ ግን የቀረኝ ያልነካሁት አንድ ወንፊት ወሩ ነው፣ ጀምሬ ደግሞ ሳልጨርስ አልተውም። ከ1 እስከ 1 አልኩት፣ መስከረም ብቻ ማለት ነው፣ ስክሪኑ ባዶ፣ ድምፁ ከአጥሩ በር። ጥቅምትን አስገባሁ፣ ባዶ፣ ድምፁ ግን ከበሩ ወዲህ ገባ ብሏል። ኅዳር፣ ታኅሣሥ፣ መጋዘኑ ጋ ደረሱ። ጥር ላይ አህያዋ ስታናፋ ሰማኋት። መጋቢት ላይ የሴትዮዋን እሹሩሩ ዜማ ለየሁት፣ እናቴ የምትለው ዓይነት ነው። እኔ ዓመቱን ከመጀመሪያው ወር ወደ መጨረሻው እየገፋሁ ነው፣ እነሱም አብረውኝ እየመጡ ነው። የግቢው ውሻ ዳማ ሰው አየሁ ብሎ የሚያብድ ውሻ ነው፣ በተከፈተው በር አየዋለሁ፣ ጭራውን አጥፎ መሬት ላይ ተኝቶ ዓይኑን ወደ መስኮቴ ተክሏል፣ አንድም ጊዜ አልጮኸም።

ሰኔ። ሐምሌ። ነሐሴን ሳስገባ ከመስኮቱ ሥር ናቸው። ያ የሚያስለው ሰው ከመስታወቱ ማዶ፣ እጄን ብዘረጋ የምደርስበት ቦታ ላይ ሆኖ አሳለ፣ ደረቅ ሳል፣ ሰው እንዳይሰማበት አፉን በጋቢ የያዘ ሳል። ቀና ብዬ አየሁ። ሰው የለም፣ ጭጋግ ብቻ። ግን መስታወቱ ላይ በውጭ በኩል የትንፋሽ እንፋሎት አለ፣ ክብ ሆኖ፣ እየጠፋ፣ እንደገና እየመጣ። በሰው አፍ ቁመት ነው።

ተነሥቼ መሮጥ ነበረብኝ፣ አውቃለሁ፣ እናንተም ትሮጡ ነበር። እኔ ግን ምን እንዳልኩ ታውቃላችሁ? ጮክ ብዬ፣ ከጎረቤት ጋር በግድግዳ እንደሚነጋገር ሰው፣ "ነሐሴ አለቀ እኮ፣ ከዚህ ወዲያ ወዴት ልሂድ?" አልኳቸው።

አፌ ሲዘጋ ገባኝ። ከነሐሴ ወዲያ ምን እንዳለ የማያውቅ የዚህ አገር ልጅ አለ? የቆሎ ተማሪ ያውቀዋል፣ እረኛ ያውቀዋል፣ ፈረንጁ ብቻ ነው የማያውቀው።

13 ብዬ መታሁ፣ ማሽኑ ጢጥ ብሎ እምቢ አለ። እንደገና መታሁ፣ እምቢ። እንግዲያው እኔም ባንተ አልጠየቅም ብዬ ከሪፖርቱ ወጣሁና ያለ ምንም ወንፊት ጥሬውን መዝገብ ከፈትኩት፣ ወደ ታች፣ ወደ ታች፣ ወደ ታች ወረድኩ። እዚያ ናቸው። ሸምበቂት በሙሉ፣ አባወራው፣ ባልቴቷ፣ ሁሉም ስማቸው ፊት አሥራ ሦስተኛ ወር ተጽፎባቸው ተቀምጠዋል። መዝጋቢዎቹ ዝናቡ ጋብ ሲል ዓመቱ ሳይዘጋ እንድረስ ብለው ወደዚያ ቆላ የወረዱት በጳጉሜን ነው፣ የጻፉትም ጳጉሜን ነው፣ አዲስ አበባም እንዳለ አስገባው፣ ሪፖርቱ ግን አሥራ ሁለት ላይ ዓመቱን ዘግቶ ሲያወጣ ዘር የሚጠብቅ አገር በሙሉ ውጭ ቀረ። ስማቸው ስክሪኑ ላይ መውረድ ሲጀምር ደግሞ ከመስኮቱ ሥር የነበረው ድምፅ በአንዴ ጸጥ አለ፣ ስም ጠሪው ወረቀቱን ሲዘረጋ ሕዝብ ጸጥ እንደሚለው።

አቶ ደምሴ ዘንድ ሮጬ ሄድኩ። መኪናው ተጭኖ ሸራው ታስሯል፣ እሳቸው ዳቦ በሻይ እያጠቀሱ ነው።

"ሸምበቂት ቀርቷል፣ መጫን አለበት" አልኳቸው።

"ሪፖርቱ ላይ አለ?"

"የለም፣ ግን መዝገቡ ውስጥ አለ።"

"ትርንጎ፣ እኔ የምፈርመው በሪፖርት ነው። ለደብረ ታቦር እንጽፋለን፣ ሲፈቀድ ለከርሞ ይታሰብላቸዋል።"

"ለከርሞ?" አልኳቸው፣ ድምፄ ከመጋዘኑ ውጭ እንደተሰማ አያ ካሴ ኋላ ነግረውኛል፣ "ለከርሞ ማን ተርፎ ነው የሚታሰብለት? ወንዙ ነገ ቢሞላ የሸምበቂት ሰው ምን ሊዘራ ነው፣ ማኅተምዎን?"

ዳቧቸውን አስቀመጡ። እንዲህ ተናግሬያቸው አላውቅም።

"አንቺ ነሽ ማሽኑ አይሳሳትም ያልሽኝ። አሁን ማን ነገረሽ ተሳስቷል ብሎ?"

እንግዲህ ምን ልበላቸው? ውጭ ቆመው ነገሩኝ ልበል? "አቶ ደምሴ፣ ዓመታችን ስንት ወር ነው?" አልኳቸው።

"ምን ማለትሽ ነው፣ አሥራ ሦስት ነዋ።"

"ማሽኑ አሥራ ሁለት ነው ይላል። እርስዎ የሚፈርሙት በማን ዓመት ነው?"

ሳቅ እንደመያዝ አደረጋቸው፣ ከዚያ ሳቁ ጠፋና ፊታቸው ሌላ ሆነ። ከሸምበቂት ማዶ ወንድማቸውን በክፉው ቀን ቀብረው እንደነበር እኔ ያን ጊዜ አላውቅም ነበር። ተነሡ፣ ማኅተሙን ከኪሳቸው አወጡ፣ ለድንገተኛ ተብሎ የተቀመጠውን ዘር አስከፍተው፣ ሸራውን አስፈትተው አስጫኑት፣ ጠዋት መኪናው ሄደ፣ ወንዙንም ለጥቂት አለፈው፣ ከተመለሰ በኋላ ነው የሞላው።

እዚህ ላይ ቢያልቅ ኖሮ ደስ እያለኝ አወራችሁ ነበር፣ ኩራትም ነበረኝ፣ አሁንም አለኝ፣ አልደብቅም። መኪናው የተመለሰ ዕለት ማሽኑን ከፈትኩና ሸምበቂት ብዬ ጠየቅሁት፣ ድል አድርጌ የለ፣ ጸጥታውን ለመስማት ነው። እውነትም ጸጥ ነው። እግር የለም፣ አህያ የለም፣ እሹሩሩ የለም። ልዘጋው ስል ከመስኮቱ ሥር አንድ ሰው አሳለ።

አንድ ሰው ብቻ። ያው ሳል።

ያወቅሁትን ወንፊት ሁሉ ሞከርኩ፣ ወረዳውን ለወጥኩ፣ ወሩን ለወጥኩ፣ ጥሬውን መዝገብ ከላይ እስከ ታች ወረድኩበት፣ የቀረ ስም የለም። ክረምቱን ሙሉ፣ አንዳንዴ ይመጣል፣ አንዳንዴ አይመጣም። ለማንም አልተናገርኩም፣ ማን ያምነኛል፣ እኔ ራሴ ሰው ቢነግረኝ አላምነውም ነበር።

ኅዳር ላይ የሸምበቂት ገበሬ ማኅበር ሊቀመንበር አያ ታረቀ ንፋስ መውጫ መጡ፣ ረጅም፣ ጸጉራቸው የሸበተ፣ ሲናገሩ መሬት መሬት የሚያዩ ሰው ናቸው። በእጃቸው አንድ ጭብጥ የጤፍ ነዶ ይዘዋል፣ ከላክንላቸው ዘር የበቀለ፣ በራሱ አገዳ ታስሮ።

"ይኼ ያንቺ ሥራ ነው ብሎኛል የመኪናው ሾፌር። ዓይንሽ ይየው ብዬ ነው ያመጣሁ" አሉ።

እንዲቀመጡ አግዳሚውን አሳየኋቸው። ከዚያ ክረምቱን ሙሉ በሆዴ ይዤው የኖርኩትን ጠየቅኋቸው። "አያ ታረቀ፣ ለሁሉም ደርሷል? ያልደረሰው አንድ ሰው እንኳ የለም?"

"ኧረ ለሁሉም! አንድ ሰው አልቀረብን፣ አንዲት ባልቴት ታማ ነበረ፣ ለሷም በቤቷ ወስደንላት..."

ንግግራቸው ተቋረጠ። ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ።

"ውጭ ማነው የሚያስል?" አሉ።

ያን ሳምንት ናፍጣ አልነበረንም፣ ጄኔሬተሩ አልተነሳም፣ ማሽኑ በብርድ ልብሱ እንደተሸፈነ ነው። እኔ ምንም አልጠየቅኩትም ነበር።

አያ ታረቀ ዱላቸውን ትተው ወጡ፣ በመስኮቱ አያቸዋለሁ፣ ከግድግዳው ሥር ቆመው ጥቂት አዩ፣ ምን እንዳዩ አላውቅም፣ እኔ የማየው እሳቸውን ብቻ ነው። ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ፣ ሰው ሰላም እንደሚል። ሲመለሱ አልተቀመጡም።

"ልጄ፣ ምን ብለሽ ነው የጠራሽው?" አሉኝ ቀስ ብለው።

"እኔ ማንንም አልጠራሁም። ማሽኑም ከተዘጋ ሳምንቱ ነው። ማነው አያ ታረቀ?"

"በክፉው ቀን የእህል ሰልፍ ይዞ ነበረ። ሊደርሰው ሲል አለቀ ተባለ።" ስሙን አልነገሩኝም፣ እኔም ደግሜ አልጠየቅኋቸውም። ጠረጴዛዬ ላይ ካለው ነዶ እኩሌታውን ለይተው በሣር አሰሩት፣ ወጥተው የመስኮቱ ደፍ ላይ አኖሩት፣ ዱላቸውን ይዘው ሄዱ።

ጠዋት ገብቼ አየሁት። ፍሬው የለም። ወፍ ነው በሉ፣ እኔም መጀመሪያ ወፍ ነው ብዬ ነበር፣ ግን የጤፉ ራስ በመዳፍ እንደሚታሽ ታሽቶ ነበር፣ ገለባውም ተበጥሮ፣ ዳር ዳሩ ተስተካክሎ፣ በዚያው ሣር እንደገና ታስሮ ነው የተቀመጠው። አያ ካሴን ጠራኋቸው፣ አዩት፣ አማተቡ፣ "አታንሺው" አሉኝ፣ አላነሳሁትም፣ ንፋስ እስኪወስደው ድረስ እዚያው ቆየ።

ሳሉ ከዚያ ወዲህ ንፋስ መውጫ ላይ አልተሰማኝም። ዛሬ ጡረታ ወጥቻለሁ፣ ደብረ ታቦር ነው የምኖረው፣ የእህቴ ልጅ እንደኔው በኮምፒውተር ሪፖርት ያወጣል፣ ቤት ይዞት ይመጣና ወረዳውን መረጥኩ፣ ወሩን መረጥኩ፣ "ምንም የለም" አለኝ ብሎ ሊዘጋው ሲል እጁን እይዘዋለሁ። "ቆይ፣ አትዝጋው" እለዋለሁ። ይስቅብኛል፣ ይሳቅ። ባለፈው ክረምት ግን እንዲሁ እጁን ይዤው ሳለ ሳቁን አቁሞ ወደ መስኮቱ ዞረና፣ "እትዬ፣ በሩን ልክፈት? ሰዎች መጡ መሰለኝ" አለኝ።